በአንጉሌም ላይ ቀይ ድፋት

እናትዓለም ቀዩን ያየችው ደብዳቤው ከእጇ ከወጣ በኋላ ነው። ያውም በወረቀቱ ላይ ሳይሆን በአውራ ጣቷ ላይ። ምሳ ዕቃዋን ልታለቃልቅ ወደ ጓሮው ቧንቧ ወጥታ እጇን ፀሐይ ሲያገኘው፣ ጣቷ ጫፍ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ቀይ ነገር አየች። በርበሬ መሰላት። በምራቋ አሸችው፤ አልለቀቀም። ቀለም ነበር።

ምሳ ዕቃውን እዚያው ቧንቧው ሥር ጣለችው።

በመሥሪያ ቤቷ፣ ከጣና ዓሣ እየሰበሰበ በሚያቀዘቅዘው ድርጅት፣ ጥቁርና ሰማያዊ ቀለም የሁሉም ነበር። ቀይ ግን የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ የካድሬው የጓድ አምባቸው። ጓድ አምባቸው በቀይ የሚጽፈው ሲሰርዝ ነው። ስሙ በቀይ የተሰረዘበት ሰው በማግስቱ ወንበሩ ባዶ ይሆናል፤ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅም አይኖርም። ትናንት ለስብሰባ የሚያነበውን ንግግር ሊያስጽፍ መጥቶ፣ ቆሞ ሲያርም ቆይቶ፣ እስክሪብቶውን የጽሕፈት መኪናዋ አጠገብ ትቶት ሄዷል። አይታውም ነበር። ልውሰድለት ብላም ነበር። ከዚያ ረሳችው።

ጢስ ዓባይ እዚሁ አጠገባቸው እያገሣ መብራት ይጠፋል። ዛሬም ከቀትር በፊት ጠፋ። መጋረጃው ለፀሐይ ተብሎ ተዘግቷል። ልጇ አደይ ምሳ ይዛላት መጥታ፣ በዚያ ድንግዝግዝ ውስጥ እጇ ያገኘውን እስክሪብቶ አንሥታ ነው ምልክቶቹን ያደረገችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማቀዝቀዣው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ዓሣው ይሸታል፤ መለዋወጫው የሚመጣው ከፈረንሳይ ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ዓምደ ሚካኤል ደጋግመው በእንግሊዝኛ ቢያስጽፉም መልስ የሚባል አልመጣም። በዛሬው ደብዳቤ ላይ ሦስት ከተሞች ነበሩ፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ያለበት ቤዚዬ፣ ፋብሪካው ያለበት አንጉሌም፣ የሙቀት መለኪያው የሚሠራበት ቤዛንሶን። አደይ በእናቷ ትከሻ ላይ አጎንብሳ አነበበችና ከንፈሯን መጠጠች።

«እማዬ፣ እነዚህ ስሞች እኮ ጎዶሎ ናቸው።»

አደይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። አንድ ፈረንሳዊ መምህር አገሩ ሲገባ ትቶላት የሄደ አትላስ አላት፤ ማታ ማታ የማታውቃቸውን ከተሞች ስም እየገለበጠች ታጠናለች። በአትላሱ ላይ ከቤዚዬ ፊደል በላይ ዘመም ያለች ጭረት አለች። በአንጉሌም ላይ የጎጆ ክዳን የመሰለች ቆብ ተቀምጣለች። በቤዛንሶን ሥር ደግሞ ጅራት ተንጠልጥላለች።

«ደብዳቤው እንግሊዝኛ ነው» አለቻት እናቷ። «እንግሊዝኛ ደግሞ ቆብና ጅራት አያውቅም። የጽሕፈት መኪናውም የለውም።»

«ደብዳቤው የእንግሊዝ ይሁን፤ ከተማው የእንግሊዝ ነው እንዴ? ስም ድንበር ሲሻገር ልብሱን ይገፈፋል?»

«ኧረ አትራቀቂብኝ።»

«አንቺስ? ቀበሌ መታወቂያሽ ላይ ስምሽን በአልፋው አ ቢጽፉብሽ ስንት ቀን ነው ያኮረፍሽ? ‹የኔ ዓለም በዓይኑ ዓ ነው› ብለሽ ጸሐፊውን መውጫ አሳጥተሽው የለም?»

እናትዓለም ሳቀች። በዚያ በ፲፱፻፸ ዓ.ም. ጥር ሰው የሚስቀው ግራ ቀኙን አይቶ ነው፤ እሷም አየች። «በይ አድርጊው፤ ቶሎ ብቻ። ማን ያውቃል፣ መልስ ያጣነው ስሙ ጎድሎ ይሆናል» አለች። ሥራ አስኪያጁ ፈርመው ጨርሰዋል። አደይ ሦስቱን ምልክቶች አደረገች፤ እናትዓለም ወረቀቱን አጥፋ ፖስታ ውስጥ ስትከተው በአውራ ጣቷ ጫን አለችው።

ያ ነው ጣቷ ላይ የቀረው።

ጫማዋን እየጎተተች ወደ ፖስታ ቤት ሮጠች። ተላላኪው ዳኘው እያፏጨ ሲመለስ መንገድ ላይ አገኛት።

«እትዬ፣ ምን ያስሮጥሻል? ዓሣው ነፍስ ዘራ እንዴ?»

«ደብዳቤው የታለ?»

«ገባ እንጂ። ከረጢቱ ሲታሸግ ቆሜ አየሁ። ምነው ፊትሽ እንዲህ አመድ መሰለ?»

«ምንም» አለችው። ምንም ያልሆነ ነገር ግን በሕይወቷ ገጥሟት አያውቅም። ባሏ አለበል ከሚሊሺያው ጋር ወደ ምሥራቅ ግንባር ሲዘምት «ምንም አልሆንም» ብሏት ነበር፤ ወሬው ከጠፋ ከረመ። ከዚያ ወዲህ እናትዓለም ማታ ማታ ቤቷ ያለውን ነፍስ ሳትቆጥር አትተኛም። የምትቆጥረውም ብዙ አይደለም፤ ልጇና አባቷ ናቸው።

አባቷ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ከሐይቁ ደሴቶች በአንዱ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው፣ እግራቸው ታንኳ መውጣት ሲያቅተው ወደ እሷ የመጡ ናቸው። አሁንም ከደብሩ ቅጥር ሥር ተማሪ አላቸው። ማታ ጸሎት አድርሰው አዝግመው ይመጣሉ። በቤቱ አንድ ደንብ ነበር፤ መሪጌታ ሳይገቡ በሩ አይቆለፍም። ጎረቤቱ ሁሉ ገና ፀሐይ ስትጠልቅ በሩን ሲከረችም፣ የእናትዓለም በር ገርበብ ብሎ ይቆያል፤ እሷም ከበሩ ኋላ ቆማ የመቋሚያቸውን ኳኳታ ታዳምጣለች።

የዚያን ቀን ማታ ገብተው ሳይቀመጡ ነገረቻቸው።

«አባ፣ ዛሬ አንድ ነገር አበላሸሁ።»

ሰሟት። «ቀይ ነው ያስፈራሽ?» አሉ ሲቀመጡ። «በኛ ብራና ላይ የቅዱሳኑ ስም በምንድን ነው የሚጻፍ?»

«ያ ብራና ነው አባ። ይኼ ቢሮ ነው።»

«እስቲ አንቺ ልጅ አሳዪኝ።»

አደይ ጣቷን ውሃ ነክራ ጠረጴዛው ላይ ጻፈችላቸው። አጎንብሰው አዩና ድንገት ሳቁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት ከግዕዝ ፊደል በላይና በታች እንዲህ ያለ ጥቃቅን ምልክት ሲያደርጉ፣ ድምፅ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚወድቅ ለተማሪ ሲያሳዩ ነው።

«ይች ጭረት ናት። ይችማ ድፋት! ከሥር ያለችው ደረት ትመስላለች። ለመሆኑ ፈረንጅ አገሩን በዜማ ነው የሚጠራው?»

«ድምፁን ነው የሚለውጠው አባባ።»

«ዜማስ ምን ሆነና ልጄ!»

አያትና የልጅ ልጅ ተሳሳቁ። እናትዓለም አልሳቀችም። በውሃ የተጻፈው እስኪደርቅ አልጠበቀችም፤ በእጅጌዋ ጠረገችው።

ከዚያ ወዲያ የላንድሮቨር ድምፅ በሰማች ቁጥር ጣቶቿ ከጽሕፈት መኪናው ላይ ይነሣሉ። የሚመጣውን ሁሉ አስቀድማ አስባዋለች። ቢሆንም አንድ ጧት ዳኘው በበሩ ብቅ ብሎ፣ ሳያፏጭ፣ «ጓድ አምባቸው ይጠሩሻል» ሲላት፣ አስቀድሞ ማሰብ ምንም እንዳልጠቀማት አወቀች።

ደብዳቤው ከፖስታ ምርመራ ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ፖስታው በምላጭ ተቀዷል።

«ይህን ታውቂዋለሽ?»

«እኔ ነኝ የጻፍሁት።»

«ጽሑፉን አልጠየቅሁሽም። ከላይ ያለውን ነው።»

«የፈረንሳይ ከተሞች ስም ነው፤ በአገራቸው እንዲህ በምልክት ነው የሚጻፍ።»

«ደብዳቤው በምን ቋንቋ ነው?»

«በእንግሊዝኛ።»

«እንግሊዝኛ ይህ አለው?»

«የለውም።»

«ባለፉት ደብዳቤዎች ላይስ ነበረ?»

«አልነበረም።»

«እንግዲያ ዛሬ ምን ተገኘና?» ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋው። አምባቸው ከአንበሳሜ ገጠር የወጣ ወጣት ነው፤ ዲያቆን ነበረ እየተባለ ይታማል፤ ፊቱ ላይ ግን ይህን ለማለት የደፈረ የለም። አሁን ራሱ አነሣው። «እኔን ሌላው ሰው ቢያሞኘኝ ደብተራ አያሞኘኝም። ይች ጭረት ናት፤ ይች ድፋት ናት። አንዲት ድፋት በሳትሁ ቁጥር ጀርባዬ በአርጩሜ ተተልትሏል። የማን ልጅ እንደሆንሽም አውቃለሁ። ፊደሉ የእንግሊዝ፣ አድራሻው የፈረንሳይ፣ ምልክቱ የደብተራ፣ ቀለሙ ደግሞ የራሴ! የሕዝብ ዓሣ እየበሰበሰ፣ በኔው ቀለም፣ ለማን ነው ዜማ የምትልኪው?»

መሳቅ የሚገባው ነገር ነበር። ከአፉ ሲወጣ ግን ማንም አይስቅም።

«የማን እጅ ነው?»

«የኔ።»

ቀዩን እስክሪብቶ ወደ እሷ አንከባለለው። «ሥሪው።»

ሠራች። ጭረቷ ወደ ተቃራኒው ዘመመች፤ ቆቧ የተሰበረ እንጨት መሰለች። አምባቸው የእሷን ወረቀትና ደብዳቤውን ጎን ለጎን አድርጎ ምልክቶቹን በጣቱ አስተያየ። ከዚያ እንደ ዘመድ ቀስ ብሎ ጠየቃት።

«ልጅሽ ስንተኛ ክፍል ደረሰች?»

እናትዓለም እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በዚያ ሰሞን በአደይ ዕድሜ ያለ ልጅ ስሙ ከተጠራ ጧት የሚገኘው መንገድ ዳር ነው። ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት።

«ሥራ ከመዘጋቱ በፊት የእጁን ባለቤት ይዘሽ ነይ። ካልሆነ እኛ ቤትሽን እናውቀዋለን።»

ኮሪደሩ ላይ አቶ ዓምደ ሚካኤል ጠበቋት። «ምልክቱ እኔ ፈርሜ ካበቃሁ በኋላ የተደረገ ነው ብያለሁ። እውነት ነው አይደል?»

«እውነት ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉና፣ እግዜርን ሲጠሩ ሰው ሰምቷቸው ይሆን ብለው ዞር ዞር አሉ።

ቤት ስትደርስ አደይ ትምህርት ቤት ናት። ወንዛዬ ፍል ውሃ አጠገብ ወዳሉት ዘመዶቻቸው ልታሸሻት አሰበች፤ ግን ያለ ቀበሌ ይለፍ ከከተማ አይወጣም፣ ይለፍ መጠየቅም ራስን መጠቆም ነው። የቀራት ልጇን የሚያስጠረጥረውን አትላስ ማጥፋት ነበር። ከፍራሹ ሥር አወጣችው፣ ከድንጋይ ጋር በአሮጌ ነጠላ ጠቀለለችው፣ የምታጥበው ልብስ አስመስላ ወደ ሐይቁ ወረደች። ደንገሉ መሀል እስከ ጉልበቷ ገብታ ለቀቀችው። ሰመጠ። አንድ ገጽ ግን ተገንጥሎ ተመልሶ ወጣ፤ ውሃው ላይ ተዘርግቶ ወንዞቹን ሁሉ አሳየ። በእግሯ ጭቃ ውስጥ ረግጣ ቀበረችው።

ዘወር ስትል አባቷ ዳር ላይ ቆመዋል። ከደብሩ ሲወጡ በዚያ ሰዓት ወደ ሐይቅ ስትወርድ አይተዋት ነው የተከተሏት። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ እያለቀሰች ሳይሆን እየተንተባተበች።

«እጁ ያንቺ አለመሆኑን አወቁ?»

«አወቁ።»

«የሷ መሆኑንስ?»

«ጠርጥረዋል።»

«እንግዲያ ገና ነው» አሉና ነጠላቸውን አራግፈው አጣፉ። «በፊደል ላይ ምልክት ማድረግ የማን ሥራ ነው? የኔ አይደለም?»

«አባ፣ ይገድሉዎታል።»

«ይሆናል።»

መቋሚያቸውን እያስቀደሙ መንገዱን ያዙ። እሷ ከኋላ ተከተለች። እጇን ብትዘረጋ ነጠላቸው ይደርሳታል። አልዘረጋችም። እሳቸውም መንገዱን ሙሉ ዘወር ብለው አላዩዋትም። ቢያዩዋት ኖሮ ምናልባት ትይዛቸው ነበር፤ ይህን ስለሚያውቁ ይሆናል ያላዩዋት።

አምባቸው በሩ ላይ ሲያያቸው ከወንበሩ ብድግ አለ። ከዚያ መነሣቱን ሲያውቅ ተናደደ።

«ጓድ መሪጌታ! ምን እግር ጣለህ?»

«ባለቤቱን አምጪ ብለሃል አሉኝ። መጣሁ። እሷ የዋሸችው እኔን ልታድን ነው። ወረቀቱን ቤት አምጥታው ነበር፤ ፊደሉን ራቁቱን ሳየው እጄ አላስቀምጥ አለኝ።»

«በእስክሪብቶዬ?»

«ከወረቀቱ ጋር ነበር። የማን እንደሆነ ምን አውቃለሁ!»

እስክሪብቶውን ሰጣቸው። አደይ ጠረጴዛው ላይ በውሃ የጻፈችውን ያን ምሽት አይተዋል፤ አንዴ ያዩትን ምልክት ደግሞ አይረሱም። ጭረቷን፣ ቆቧን፣ ጅራቷን አደረጉ። አምባቸው ከደብዳቤው ጋር አስተያየው። አንድ ነበር።

«ዜማ ከሆነ እስቲ አዚመዋ» አለ።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ቤዚዬን፣ አንጉሌምን፣ ቤዛንሶንን በዕዝል ዜማ አነሡ። ድምፃቸው አርጅቷል፤ ግን ሰፊ ነው፤ እንደ ሰሙነ ሕማማት ንባብ ቀስ እያለ ወረደ። በየክፍሉ የጽሕፈት መኪናዎቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ከግድግዳው ወዲያ አንዲት ሴት «እሰይ አባቴ» አለች፣ ወዲያው አፏን ሲይዙባት ተሰማ። እነዚያ ያላዩዋቸው፣ የማያዩዋቸውም ከተሞች የሙታን ስም ይመስሉ ነበር። እናትዓለም አምባቸውን ታየው ነበር፤ አንጉሌም ላይ፣ ድፋቷ ላይ ሲደርሱ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ጣቱም በጠረጴዛው ላይ ጸናጽል እንደሚመታ ሰው አብሮ ሄደ።

ራሱን ያዘ። ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው።

«ይበቃል! መልእክቱ ምንድን ነው?»

«መልእክት የለውም።»

«የለውም ብዬ ነው ወደ ላይ የምጽፈው? ነገሩ እዚያ ከደረሰ ቆየ እኮ። ሰውየውን አምጣ ነው የሚሉኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰውየው እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ ልጄ።»

ወረቀት ሰጣቸው። በእጃቸው የነበረው ቀይ እስክሪብቶ ስለሆነ በቀይ ፈረሙ፤ ሀብተ ሥላሴ የሚለውን በሙሉ፣ በንጉሡ ሠ። አምባቸው ወረቀቱን ሲያጥፍ ወደ እናትዓለም ሳያይ፣ «ልጅሽ ትምህርቷን ጠበቅ ታድርግ በያት» አላት። ምሕረት ይሁን ማስፈራሪያ አልገባትም። ከሁለት አንዱን መያዝ ካለባት ሁልጊዜ የምትይዘው የከፋውን ነው፤ ዛሬም ያዘችው።

ላንድሮቨሩ ሞተሩ ተነሥቶ ነበር። ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች በብብታቸው ይዘው ሲያወጧቸው፣ መሪጌታ መቋሚያቸውን ለእሷ አቀበሏት።

«እናትዓለም።»

«አቤት አባ።»

«ዛሬ በሩን በጊዜ ዝጊ። እኔን አትጠብቁ።»

አደይ ስትመጣ መቋሚያው ከግድግዳው ጋር ተደግፏል። አየችው። እናቷን አየች። እናትዓለም ልትዋሻት አስባ ነበር፤ ወደ ገዳም ሄዱ ልትላት፤ ግን መቋሚያቸውን ትተው ወዴትም እንደማይሄዱ ልጅቱ ታውቃለች። ስለዚህ ነገረቻት። አደይ ያወለቀችውን ጫማ መልሳ አደረገች።

«ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«እውነቱን! እኔ ነኝ ያደረግሁት። የከተማ ስም ነው። አትላሱን አሳያቸዋለሁ።»

«አትላስ የለም።»

«የት ሄደ?»

«የለም አልሁሽ። እውነቱን ደግሞ እኔ ጧት ነግሬያቸዋለሁ። የከተማ ስም ነው ብያቸዋለሁ። ምን አደረጉት እውነቱን?»

«አባባ በኔ ፋንታ ይሙቱ?»

እናትዓለም ለዚህ መልስ ነበራት። አፏ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ አንዲት ቃል ናት። ልጇ ከሷ አፍ እንድትሰማት ግን አልፈለገችም። በልጇና በበሩ መሀል ገብታ ቆመች። ውጭ ጨልሟል። የሰዓት እላፊው ፊሽካ ከታች ከሐይቁ በኩል ተሰማ፤ የጎረቤት በሮች ተራ በተራ ተከረቸሙ። በነሱ በር ገርበብታ መሀል የሐይቁ ነፋስ ይገባል።

«እማዬ፣ አባባ ሳይገቡ እኮ በሩ አይቆለፍም» አለች አደይ። ድምፅዋ የሕፃን ሆኖ ነበር።

እናትዓለም ጆሮዋን ሰጠች። ከለመደችው ኳኳታ ምንም አልነበረም። ቆጠረች፤ ቤቱ ውስጥ አንዲት ነፍስ አለች። በሩን ገፋችው፣ መቀርቀሪያውን ሰደደች፣ ቁልፉን አዞረችና ነቅላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።